የግራ እጀታ

ጠመንጃ ጠጋኙ አያ ምትኬ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ አያርፍም። አንዲት ሴት የባሏን ክላሽ በጋቢ ጠቅልላ መጣችና፣ "ማቀባበያ እጀታው ወልቋል። አዲሱን በግራ በኩል ግጠምልኝ" አለችው።

"እታለም፣ ክላሽ በቀኝ እጅ ነው እኮ የሚቀባበለው!"

"ባለቤቴ እጁ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮታል።"

አያ ምትኬ ለሰውየው አዘነለት። ወንድ ልጅ ቀኙን ታስሮ፣ ሠርግ ቢጠራ እንኳ አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ሊመለስ ነው! ወዲያው ብየዳውን ለኮሰ።

"እንዲህ ያለች ሚስት ለእኔም በሰጠኝ" አለ እየሞረደ። "የእኔዋማ እጄ ቢሰበር 'እሰይ፣ አሁን አርፈህ ትቀመጣለህ' ነው የምትለኝ።"

ሴትዮዋ ፈገግ አለች።

እጀታው ተገጠመ። አያ ምትኬ በግራ እጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ለቀቅ አደረገና አስረከባት። "በይ እንግዲህ፣ ቀኙ እስኪድን በግራው እንደ ልቡ ያቀባብላል።"

"ቀኙማ ደህና ነው" አለች ክላሹን መልሳ እየጠቀለለች። "የተሰበረው ግራው ነው።"

"እንዴ! ታዲያ በምኑ ሊያቀባብለው ነው?" አለ አያ ምትኬ ሞረዱን አስቀምጦ።

"ከወሰንተኛችን ጋር ተጣልቶ፣ 'ሽማግሌ ሳይገባ ልድፋው፤ ቶሎ አሠርተሽ አምጪ' ብሎ ነው የላከኝ። ከጠየቀህ ተሳስቼ ነው በለው፣ አያ ምትኬ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይደርሳሉ። የእሱ አጥንት ግን እስከ እሑድ አይገጥምም።"