የአምስተኛው ክፍል በር

የምንወደውን የቪዲዮ ጌም የሠሩት ሰዎች «አምስተኛ ክፍል አይኖርም» ካሉ ወዲህ ልብስ ሰፊው ወንድሜ ሰው የሞተበት መስሏል። እህል አልወርድለት ብሏል። ቢሆንም ጌሙ የወጣበትን ቀን እንደ ወትሮው ልናከብር እኔ፣ እሱና ጓደኛው መካኒኩ መስፊያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን።

«አምስተኛው ቢወጣ ጀግናው አግብቶ የቤት ኪራይ ሲከፍል ነበር የምናየው» አለ መካኒኩ።

ወንድሜ አልሳቀም። «ይወጣል። ካልወጣማ እኔ ምን ቀረኝ?»

ሁሌም የአራተኛውን ክፍል መጨረሻ በቴሌቪዥን ከፍተን እናያለን። ጀግናው ቤቱ ይገባል፣ ዞሮ ያየናል፣ በሩን ይዘጋል። ያን ጊዜ እናጨበጭባለን፤ ወንድሜ ያፏጫል።

ዛሬ ግን በሩን አልዘጋውም። ከፍቶ ቆመ።

«አላልኳችሁም? ደብቀውት ነው!» ወንድሜ እንባው መጣ። እኛም አጨበጨብን።

ጀግናው በእጁ «ና» አለ።

መካኒኩ ፊቱ አመድ መሰለ። ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቀለ። ጀግናው አሁንም በእጁ ይጠራል።

«ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ እንዳትነሳ!» ብዬ እጁን ልይዝ ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነበር።

በቴሌቪዥኑ ውስጥ የጀግናው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከጀርባው የወንድሜ ፉጨት ተሰማ። ከዚያ ከውስጥ ተቆለፈ።