ክለሳ በጥቅምት

«ጥቅምት ላይ ምኑን ነው የሚከልሱት?» ጁሀራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንደተከለች አታነሳም። «መስከረም ይገባሉ እንበል። ስም ጠርተን፣ መጽሐፍ አድለን፣ ገና አንድ ምዕራፍ ሳንጨርስ ክለሳ? ያውም ወሩን ሙሉ!»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጌታነህ ቀና አይልም። ፊቱ ያለው የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ ዓመታዊ ዕቅድ ነው፤ የአምናው፣ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ የተቀየረ።

«ቲቸር ጁሀራ፣ ይሄ እኮ የተመሰገነ ዕቅድ ነው። ሞዴል ነው ተብሎ ነው ለየትምህርት ቤቱ የተበተነው። እኛም አምና በሱ ነው የሠራነው።»

«በሱ ሠርተን ነዋ ኢብቲሳም የወደቀችው!»

የጳጉሜ ዝናብ የቢሮውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ጌታነህ ኢብቲሳምን ያውቃታል። ጥቅምትን ሙሉ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የምታውቀውን ስትደጋግም የከረመች ልጅ ናት። ዕቅዱ ድርሰት አጻጻፍ ላይ ሲደርስ ታኅሣሥ ገባ፤ ታኅሣሥ ደግሞ እዚህ ሮቤ የስንዴ አጨዳ ነው። የአባቷ ማሳ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ኮምባይነር አይወጣውም፣ በእጅ ነው የሚታጨደው። ስትመለስ ድርሰቱ አልፎ ፈተናው ደርሷል። ወረቀቷ ላይ ስሟን ጻፈች፣ ከሥሩ አሰመረችበት፣ እሱኑ መልሳ ሰጠች። ዘንድሮም ሰባተኛ ናት።

«በአንድ ልጅ ምክንያት...» ብሎ ይጀምራል ጌታነህ።

«የምን አንድ ልጅ? ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር! ድርሰት የማስተምረው ለማን ነበር፣ ለግድግዳው?» ድምጿ ለራሷም ይጮኽባታል። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ገና ከስጋጃው ሳትነሳ፣ ዛሬ ከማንም ጋር አልጨቃጨቅም ብላ ነበር። «አስተግፊሩላህ» ትላለች በከንፈሯ። ጣቷን ግን አታነሳም።

በሩ አጠገብ ከተቀመጠው ሰው ሳቅ ያመልጠዋል። ለታ ነው፣ ዘንድሮ ከደሎ መና ተዛውሮ የመጣው የሒሳብ አስተማሪ። የራሱን ዕቅድ ይዞ ተራ ይጠብቃል።

ጁሀራ ወደሱ ትዞራለች። «ምን ያስቅሃል አንተ?»

«ማሎ ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእርስዎ አይደለም የሳቅኩት።» ብድግ ብሎ ወረቀቱን ከላይ ያየዋል። «ይሄን ያወጣችው ጸሎት የምትባል አስተማሪ ናት። እኛ ጋ ደሎ መና አማርኛ የምታስተምር። ጥቅምት እኮ እኛ ጋ ቡና ነው። ልጆቹ ከነቤተሰባቸው ለቀማ ሃረና ጫካ ይገባሉ፤ ክፍል የሚቀረው ጥቂት ነው። አዲስ ትምህርት እንዳያመልጣቸው ብላ ነው ክለሳ ያለችው። ቡና ብላ ብትጽፍ ማን ያጸድቅላታል? ታኅሣሥ ሁሉም ተመልሰው ሲገቡ ድርሰቷን ትጀምራለች።»



«እኛ ታዲያ የደሎ መናን ቡና ነው ሮቤ ላይ ስንለቅም የከረምነው» ይላል ጌታነህ፣ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው። የሚስቅለት ያጣል።

የጁሀራ ቁጣ ቀለል ሊል ይገባ ነበር። ይብሳል እንጂ። አይታት የማታውቃትን ጸሎትን ልትቆጣ ትሞክራለች፤ አይሆንላትም። ተማሪዎቿ የት እንደሚውሉ የምታውቅ ሴት ናት። እዚህ ግን ስንት አስተማሪ ይሄን ወረቀት ሲቀባበለው አንዱ እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ጌታነህ ወደ ፊት ጠጋ ይላል። «በቃ፣ እንዲህ እናድርግ። ድርሰቱን ወደ ጥቅምት ያምጡት። ታኅሣሥ ላይ ክለሳ ብለው ይጻፉ። ማንም አይጠይቅም።»

«ክለሳ አልጽፍም።»

«ታዲያ ምን ሊጽፉ ነው?»

«ያለውን።»

«ያለው ምንድን ነው?»

«ስንዴ።»

«ኧረ ቲቸር! ሱፐርቫይዘሩ ይሄን ቢያይ...»

«ሱፐርቫይዘሩ ስንዴ አይበላም?»

ለታ እንዳይስቅ አፉን በዕቅዱ ይሸፍናል።

«የሚጠየቀው እኮ እኔ ነኝ» ይላል ጌታነህ። አሁን እሱም ተቆጥቷል። «እርስዎ ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፤ እኔ ነኝ ቆሜ የምጠየቀው።»

«ይጠይቁህ! ጸሎትን ሳይጠይቋት አይደል እዚህ የደረስነው? ይጠይቁህና ንገራቸው። ማሳው እንደሆነ ከመስኮቱ ይታያል።»

እስክሪብቶዋን ታወጣለች። የጥቅምቱን ክለሳ ሰርዛ ድርሰት አጻጻፍ ብላ ትጽፋለች። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ሊበሳው ደርሷል። ከዚያ ወደ ታኅሣሥ ትወርድና ቀስ ብላ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፈው አጉልታ ትጽፋለች፦ ልጆቹ ስንዴ አጨዳ ላይ ናቸው። የመጡት ያነባሉ። ወረቀቱን አዙራ በጣቷ ወደሱ ትገፋዋለች።

ጌታነህ ያነበዋል። ለታን ያያል፤ ለታ ጫማውን ያያል። በመስኮቱ በኩል ከአጥሩ ማዶ ገና የበቀለው ስንዴ ዝናብ ይጠጣል።

መሳቢያውን ስቦ ማኅተሙን ያወጣል። ቀለሙ ደርቋል። ወደ አፉ አስጠግቶ «ሃ...» ይልበታል፣ ደግሞ ይልበታል። እጁ አየር ላይ ይቆያል። ጁሀራ ጣቷን ከወረቀቱ ታነሳለች።

ማኅተሙ ሲያርፍ ደብዛዛ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስም እኩሉ አልወጣም። በክቡ መካከል ግን ጁሀራ የጻፈችው ስንዴ የሚለው ቃል ይነበባል።