ተንፍስ

ሐይቅ ከተማ ፎቶን ጥበብ ያደረግሁት እኔ ባድሩ ነኝ። ሌሎቹ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ያነሳሉ፤ እኔ ሰው አነሳለሁ። «አትተንፍስ» እላለሁ፣ አነሳለሁ፣ ከዚያ «ተንፍስ» እላለሁ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።

ሙዘይንን ያነሳሁት ጦርነቱ ውጫሌ የደረሰ ዕለት ነው። ሊዘምት ስለነበር እናቱ ረቢያ ማስታወሻ ፈለገች። «አትተንፍስ» ብዬው እንዳነሳሁት ከባድ መሣሪያ አጓራ። እነሱን እዚያው ትቼ ካሜራዬን አቅፌ በጓሮ በር ሮጥኩ።

ተኩሱ ጋብ ሲል ተመልሼ ፎቶውን አጠብኩና በባለመስታወት ፍሬም ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት።

በሳምንቱ ረቢያ ልጇን እጁን ይዛ መጣች።

«ወላሂ ባድሩ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነፈሰም» አለችኝ። «ይሄዳል፣ ይቀመጣል። መስታወት አፍንጫው ሥር ብይዝ ምንም የለም። ተንፍስ ሳትለው ነው የሄድከው። ስለ አላህ ብለህ በለው!»

ሙዘይንን አየሁት። ደረቱ ንቅንቅ አይልም። በዕድሜዬ እንደዚህ ረግቶ የተቀመጠልኝ ሰው የለም።

«አብሽሪ» አልኳት፣ «መጀመሪያ አንድ ልድገም።»

አንድ ብዬ አሥራ ዘጠኝ አነሳሁት። ረቢያ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ አገጩን ቀና አደረግሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። አንዱም ፎቶ አልተንቀሳቀሰብኝም።

ሲበቃኝ «ተንፍስ» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ያለው ደረቱ አልተነሳም። ግድግዳው ላይ ግን የፍሬሙ መስታወት፣ ከምስሉ አፍንጫ ፊት ለፊት፣ ከውስጥ በኩል በትንፋሽ ደበዘዘ።