ከደሴቶቹ የመጣ ደብዳቤ

በሰባ ሰባቱ ክረምት፣ ገዳሪፍ አጠገብ በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ መምህር ገሠሠ የሞተ ሰው ደብዳቤ ያነብ ነበር።

ሥራውን የሰጡት የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አደም ናቸው። የእማማ እናኑ ልጅ ታምሬ ፖርት ሱዳን ወርዶ በጀልባ ተቀጥሮ ነበር፤ ወባ ገደለው። ግን የተራበ ሰው መርዶ እንዴት ይረዳል?

«ሰውነታቸው እህል ይልመድ» አሉት አደም። «ያን ጊዜ ማልደን ሄደን እናረዳቸዋለን። እስከዚያው ታምሬ ጽፏል እያልህ አንብብላቸው።»

ገሠሠ እሺ አለ። ያን ሰሞን ለሁሉም ነገር መልሱ እሺ ነበር። እሱም ቢሆን ቆዳና አጥንት ሆኖ ነው የደረሰ። ሚስቱ ሣህሊቱ ሁለቱን ልጆች ይዛ ከኋላው እየመጣች ነው፤ ድንበሩ አጠገብ ባሱንዳ መድረሷን ሰምቷል። አደምን ሲጠይቃቸው «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሎሪ የለም» ይሉታል። ደስታውም ሥጋቱም ደንዝዞበት ነበር።

ባሕር የሚባል በዓይኑ አላየም። አንዲት የውጭ አገር ነርስ ትታው የሄደች የአገር ጎብኚዎች መጽሔት ግን አለችው። ሥዕሎቿን እያየ ያነባል፦

«እማዬ፣ ዛሬ እንግዶች ይዘን ደሴቶቹን ስንዞር ዋልን። አሸዋው እንደ ነጭ ጤፍ ዱቄት ነው። ሰው የለም፣ ጭር ያለ ነው። የጥንት ምሽግ አለ፤ መድፉ ዝጓል። ከጀርባው የድሮ ነጋዴዎች መቃብር...»

መቃብር ላይ ሲደርስ ደነገጠ። እማማ እናኑ ግን ሳህኑን አቀረቡ።

«በል ብላ» አሉት። «አንተ ካልበላህ እኔም አልቀምስ።»

ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። አንድ ሁለቴ ይቀምሱና ሳህኑን ወደሱ ይገፉታል። ልጃቸው መቼ እንደሚመጣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውት አያውቁም። አይ የዋህነት! ይላል ገሠሠ በሆዱ።

ወር ተኩል አለፈ። አንድ ሐሙስ አደም መጡና ሁለቱንም ትኩር ብለው አዩዋቸው። ገሠሠን ወደ ውጭ ጠሩት።

«ነገ ማልደን እንመጣለን። አንተም እዚሁ እናኑ ዘንድ ሁን።»

ገሠሠ አላዘነም፤ ማዘን ከተወው ከርሟል። የጨነቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኒህ ሴትዮ ሲወድቁ ማን ይይዛቸዋል?

ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከኋላ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉ። ገሠሠ ብድግ ብሎ የእማማ እናኑን ክንድ ያዘ።

«እማማ፣ በርቱ» አላቸው።

እማማ እናኑ እጁን ከክንዳቸው አላቀቁና እጅ ለእጅ ያዙት። የገመድ አልጋው ላይ አስቀመጡት። አደም ከጎኑ ተቀመጡ።

«የታምሬንስ እርም ገና መንገድ ላይ፣ ዶካ ሳለሁ አውጥቻለሁ፣ ልጄ» አሉት እማማ እናኑ። «እነዚህ የመጡት ላንተ ነው።»