የመምህሩ ልጅ

ከቀብር መልስ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች በሟቹ መምህራቸው ቤት ተሰብስበው ያወጉ ነበር። "ትኩሳት ሲይዘኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ እንደ ፍየል እየጮኹ ነበር መድኃኒቱን የሚያስውጡኝ" ስትል ከመካከላቸው አንዷ፣ ነርስ የሆነችው፣ ሁሉም እንባውን እየጠረገ ሳቀ። "ለእኔ አባት ማለት እሳቸው ነበሩ።"

ሻይ የምታድለው የመምህሩ ልጅ ትሪውን እንደያዘች ቀጥ አለች። "አባዬ? እንደ ፍየል?"

"እንዴት ይችሉበት ነበር መሰለሽ፣ እህቴ!"

"እኛ ጋ የሚመጣው ትምህርት ሲዘጋ ብቻ ነበር" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "'ደክሞታል፣ አትረብሹት' እንባል ነበር።"

ነርሷ ተነስታ ትሪውን ተቀበለቻትና በራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ተረት እንደሚነገራት ሕፃን ቀና ብላ አየቻት።

"ሌላስ?" አለቻት። "ሌላስ አባዬ ምን ያደርግ ነበር?"