እሁድ በካሮል ቤት

ታነርስ ሎክ ከኮሎምበስ በስተደቡብ ሃምሳ ደቂቃ በመኪና ትርቃለች። ነዋሪዎቿ አራት መቶ ስድስት ናቸው። እንግዲህ በኦሃዮ ሕግ ከአምስት ሺህ ሰው በታች ያለው ከተማ «ቪሌጅ» ይባላል። ቪሌጅ ይባል እንጂ ከንቲባም ምክር ቤትም አለው፤ ማን ምን ሱቅ እንደሚከፍት ቮት የሚያደርገውም ይኸው ምክር ቤት ነው።

ከተማዋ የተወለደችው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ ጀልባ የሚሄድበት ካናል ሲቆፈር ነው። ሎክ ማለት ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የውኃ በር ነው። ባቡር ሲመጣ ካናሉ ደረቀ። መኪና ሲበዛ ባቡሩ ቀረ። በኋላ አውራ ጎዳናው ሲሰፋ አምስት ማይል ርቆ አለፋት። የሚገርመው፣ ነዋሪዎቹ ካናሉንም ባቡሩንም ጎዳናውንም ሲመጡ ተቃውመው፣ ሲሄዱ አልቅሰዋል። ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ታሪክ ግን የሚያወራው ስለ ለቅሶው ብቻ ነው።

ሁሴንና ሚስቱ ኸውላ ወደዚህች ከተማ የገቡት በመጋቢት ነው። ስምንት ዓመት ኮሎምበስ፣ ፎረስት ፓርክ ኖረዋል። የዌርሃውስ ዕቃ ሸክም የሁሴንን ወገብ ሲጨርሰው፣ ታነርስ ሎክ ሜይን ስትሪት ላይ ስድስት ዓመት ተዘግቶ የቆየውን ሱቅ ያዙ። ወተትና ዳቦ፣ ሥጋና ቅመም ሊሸጡበት ነው። ምክር ቤቱ ማክሰኞ ፐርሚቱን ካጸደቀ ይከፍታሉ። ካላጸደቀ ሁሴን ወደ ካርቶን መሸከሙ ይመለሳል።

«ጎረቤቶቹ ምን ያስቡ ይሆን?» አለች ኸውላ።

«እጅ ያውለበልቡልናል እኮ።»

«እጅማ ለፖስተኛውም ያውለበልባሉ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊታቸው ባለው በካሮል ቤት መኪና ተደረደረ። ኸውላ በመስኮት ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት። ሰዎቹ ታጣፊ ወንበርና በፎይል የተሸፈነ ምግብ ይዘው ይገባሉ። የሚስቅ የለም። በረንዳው ላይ በየቀኑ የሚቀመጠው የካሮል አባት፣ ሽማግሌው ዋልተር፣ ከሐሙስ ጀምሮ አልታየም።

ሁሴን ጀማነህን ኮል አደረገው። ጀማነህ የትራክ ሾፌር ነው። አርባ ስቴት ስለነዳ አሜሪካንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም።

«ስማኝ ወንድሜ፣ የገጠር ፈረንጅ አንድ ቤት የሚሰበሰበው ለሁለት ነገር ነው» አለ። «ወይ ለሱፐር ቦል ጨዋታ፣ ወይ ለሞት።»

«ሱፐር ቦል መቼ ነው?»

«የካቲት።»

«አሁን እኮ ግንቦት ነው።»

«እንግዲያው ነፍስ ይማር።»

ኸውላ ለእራት የሠራችውን ሩዝና ዶሮ በትልቅ ትሪ ገለበጠች፤ ጥቁር ሻርፕ ለበሰች። ሁሴን ዜግነት ሲቀበል የለበሰውን ጥቁር ኮት አወጣ።

«ማን እንደሞተ እንጠይቅ?» አለ።

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ሞተ ይባላል እንዴ? ዝም ብለህ ትቀመጣለህ።»

በሩን የከፈተችው ካሮል ናት። ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ የነበረው ጫጫታ ቀጥ አለ።

«ማን ነገራችሁ?» አለች።

«ማንም አልነገረንም፤ መኪናዎቹን አይተን ነው» አለ ሁሴን። እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «በዛሬ ቀን ቤታችን መቀመጥ አልሆነልንም። ፈጣሪ ያጽናችሁ።»

የካሮል ፊት እንደ ዓይኗ ቀላ። «ግቡ» አለች።

በሩ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ያህል፣ በነሁሴን አገር በወሎ ለቅሶ የደረሰ ሰው ወሬ አያበዛም፤ አጠገብ መቀመጡ ይበቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ተቀመጡ። ቤት ሙሉ ሰውም አብሯቸው ዝም አለ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ሊናገር ነው ሲባል ተወው።

በመጨረሻ ኸውላ ተነስታ ሩዙን በየሳህኑ ታድል ጀመር። ጥግ ላይ ለተቀመጡት አሮጊት ስታቀርብላቸው አሮጊቷ እንባቸው መጣ። ኸውላ አቅፋቸው አብራ አለቀሰች።

ሊወጡ ሲሉ ሁሴን ጠረጴዛ ላይ ስምና ፊርማ የሰፈረበት ወረቀት አየ። አጠገቡ ጡረተኛው ፖስተኛ ሮጀር ተቀምጧል። አገር ቤትም ትልቅ ሰው ሲሞት የሐዘን መዝገብ ይቀመጣል።

«እኛም እንፈርም» አለ ሁሴን።

ሮጀር ወረቀቱን በክንዱ ሸፈነው። «አያስፈልግም። እውነቴን ነው፣ እናንተ አያስፈልጋችሁም።»

«እንዴት አያስፈልግም? ጎረቤት አይደለንም?»

ሮጀር ካሮልን አየ። ካሮል ጣሪያውን አየች። ሮጀር ክንዱን አነሳና እስክሪብቶውን አቀበለ። ሁሴን አርባ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ኸውላ አርባ ሦስተኛው ላይ ፈረሙ።

ሰኞ የሮጀር በር ሲንኳኳ ዋለ። ትናንት ካሮል ቤት የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ፣ ደቂቃ ሳይቆዩ ይወጣሉ።

«ዘመድ መሆን አለበት» አለች ኸውላ። «ሐዘኑ ወደ እሱ ቤት ዞሯል።»

ማክሰኞ የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሁሴንና ኸውላ ኋላ ተቀመጡ። ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ኮሎምበስ ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ዓይኑን ኦፕሬሽን የተደረገው፣ ካሮል እንቅልፍ አጥታ ያስታመመችው ዋልተር በፋሻው ላይ መነጽር ደርቦ ተቀምጧል።

ኸውላ የባሏን ክንድ ጨመቀች።

«ሁሴን» አለች በሹክሹክታ፣ «ሟቹ መጡ።»

ሁሴን ዋልተርን ለማየት ብድግ ሲል ጸሐፊዋ ወረቀት አነሳች።

«የሜይን ስትሪቱ ሱቅ እንዳይከፈት ከፈረሙት አርባ ሦስት ሰዎች አርባ አንዱ ስማቸውን ሰርዘዋል» ብላ አነበበች፤ «በተቃውሟቸው የጸኑት ሁለት ናቸው፤ ሁሴን ይማምና ኸውላ ሰይድ።»