በመስኮት የወጡት ጎረቤት

ኦርቪል በአሜሪካ ሜይን ግዛት ገጠር የግቢውን በረዶ በፒክአፑ እየገፋ ሲጠርግ አረፈደ። ከፊት የተገጠመውን ሰፊ ብረት ከፍ አድርጎ፣ ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ኋላ ሲነዳ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ደንግጦ ወረደ። ጎረቤቱ ወይዘሮ ቬልማ ከኋላ ጎማው አንድ ክንድ ርቀው ቆመዋል፤ ተመርኩዘውት የመጡት አካፋ ጎማው ስር ለሁለት ተሰብሯል።

«ከመኪና ኋላ ምን ይሠራሉ? ልገድልዎ ነበር እኮ» አላቸው።

«የገፋኸው በረዶ የቤቴን በር ደፍኖብኝ በመስኮት ነው የወጣሁት። ልነግርህ ብመጣ ጭራሽ ልትጨፈልቀኝ?» አሉና ድንጋጤውን አይተው ራሩለት። «ግድ የለም ልጄ፣ በሩን ሳታየው ነው የደፈንከው።»

የኦርቪል ፊት ቀላ። በረዶውን ራቅ አድርጎ መግፋት ታክቶት ነበር እንጂ በሩንስ አይቶታል።

«አይቼው ነበር» አለ፣ ቀና ብሎ ሊያያቸው ሳይችል።